ነጋድራሱና የአውራ ጣት ቀለም

ወደ መተማ ዮሐንስ ተመድቤ የሄድሁት በ2010 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ነበር። አውቶቡሱ ከጎንደር ተነሥቶ አይከልን ሲያልፍ አየሩ ገና የደጋ ነው፤ ጋቢ ያስደርባል። ወህኒን ወርዶ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ኮኪትን አልፎ መተማ ሲገባ ሸሚዝም ይከብዳል። ከተማይቱ አንድ ረጅም መንገድ ናት ማለት ይቻላል። መንገዱ ቁልቁል ሄዶ አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ያልቃል፤ ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፣ ሱዳን።

ሥራዬ ገንዘብ ከፋይነት ነበር። ቀን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ደጅ ላይ ባወጣሁት የገመድ አልጋ ተጋድሜ ግጥም እሞክራለሁ። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለምና ግቢው ሁሉ አልጋ ነው። ከእኔ አልጋ ጎን የሚያድረው ጎረቤቴ የአማርኛ መምህር ነበር። ከባዶ ግጥሞቼ አንዱን ካነበብሁለት በኋላ፣ ምናልባት ሌላ እንዳላነብለት ፈርቶ ይሆናል፣ ጠርዙ የተበላ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አምጥቶ ሰጠኝ።

«ይሄ ሰው የእናንተ ወገን ነው» አለኝ። «ገንዘብና ዕቃ ሲቆጥር የኖረ። አንብበው።»

መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነበር፤ ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። ስሙን በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ፤ ለፈተና ያህል አውቄው ከፈተናው ጋር የረሳሁት ስም ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን ከመጽሐፉ ሐሳብ በፊት የጸሐፊው ልጅነት ነበር። የዚህ ሰው አባት የሞተው እኔ በተኛሁበት አገር፣ መተማ ላይ ነው።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር መተማ ላይ ገጠሙ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ወገን ሲያዘነብል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ሠራዊቱ ተደናገጠ፣ ተበተነ፤ እርሳቸውም በቁስላቸው ዐረፉ። ከተማይቱ እስከ ዛሬ የምትጠራው በስማቸው ነው። ንጉሥ በሞተበት ሜዳ ላይ የወታደር ስም ማን ይቆጥራል? ከዚያ ዘመቻ ካልተመለሱት አንዱ ከዐድዋ አካባቢ የመጣ ባይከዳኝ የሚባል ሰው ነበር። ቤቱ ትቶት የመጣው ልጅ በ1878 ዓ.ም. የተወለደ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። በዚያው ሰሞን ከብቱን የፈጀው፣ ሰውንም ያሳደደው ክፉ ቀን ገባ።

ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ምፅዋ ወደብ ላይ እናገኘዋለን። ከጓደኞቹ ጋር አንድ የጀርመን መርከብ ሊያይ ወጣ፤ ሌሎቹ ሲወርዱ እርሱ ተደብቆ ቀረ። መርከቡ ተንቀሳቀሰ። ካፒቴኑ ልጁን ባገኘው ጊዜ ባሕር ላይ አልጣለውም፤ ከጉዞው ፍጻሜ በኋላ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ ሰጠው። እነርሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት፣ አስተማሩት። አድጎ በርሊን ሕክምና አጠና።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ አሰብሁ። ይህ ሰው እዚያው ሐኪም ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ መሞት ይችል ነበር። አባት የለው፣ የሚጠብቀው ርስት የለው። ምን ይመልሰዋል? እኔ ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ መጥቼ በሁለተኛው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ የጻፍሁ ሰው ነኝ።

እርሱ ግን ተመለሰ። የአገሩን ቋንቋ እንደገና ተማረ። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ በተከፋፈለበት ዘመን ነበርና አልቆየም፤ ከአገር ወጣ። በስደቱ ላይ የጻፈው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለ ጽሑፍ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አሥመራ ላይ በስዊድን ሚሲዮን ታተመ። ጽሑፉ ውዳሴ አይደለም። ያለፉትን ነገሥታት ይመዝናል፤ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ይወቅሳል፤ ለመጪው መንግሥት የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለያይ፤ ግብሩ መጠኑ የታወቀ ይሁን፤ ሕጉ ይጻፍ ይላል። የታሪክ ጸሐፊ የሆነ ሰውም የተደረገውን በደንብ የሚያስተውል ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው ተናግሯል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ወይ በስደት መቅረት፣ ወይ ተመልሶ ዝም ማለት። ገብረ ሕይወት ግን ተመልሶ ሥራ ያዘ። ስለ መንግሥት ሥራ ከሰማሁት ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ የተቸውን መንግሥት ሊያገለግለው ገባ። መጀመሪያ የጅቡቲው ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ተደረገ፤ ቀጥሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ።

ነጋድራስ ማለት በጥንቱ አገባብ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ ሲራራውን እየመራ የሚሄድ። ከጎንደር በጭልጋና በወህኒ አድርገው ወደ መተማ ገበያ የሚወርዱት ነጋዴዎች ነጋድራስ ነበራቸው። ኋላ ግን ቃሉ ትርጉሙን እያሰፋ ሄዶ የጉምሩክ ሹም መጠሪያ ሆነ። ድሬዳዋ ደግሞ ምድር ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። ወደ አገር የሚገባው ሸማና ብረት፣ ከአገር የሚወጣው ቡናና ቆዳ በዚያ በር ያልፋል። በርሊን ሕክምና የተማረው ሰው እዚያ ተቀምጦ የአገሪቱን ደም ሥር ይዳስስ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። የሚገባውንና የሚወጣውን አየ፤ ልዩነቱን አሰበ፤ ጻፈ። በ1911 ዓ.ም.፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ገደማ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ታትሞ አላየውም።

የመጽሐፉን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሙሉውን ማንበብ የእናንተ ፈንታ ነው። ሀብት ማለት ወርቅና ብር አይደለም፤ ሥራ ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ወታደር ገበሬውን እየበላ በሚኖርበት፣ ጦርነት በየዘመኑ የተሠራውን በሚያፈርስበት አገር ሀብት አይጠራቀምም። ሁለት ሕዝቦች ሲገበያዩም ዕውቀት ያለው ሕዝብ ጥቂት ቀን የሠራበትን ያቀርባል፤ ዕውቀት የሌለው ብዙ ቀን የደከመበትን ያቀርባል። በገበያው ማንም ማንንም አልመታም፤ ተስማምተው ተለዋወጡ። ነገር ግን አንዱ እየከበረ፣ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በስተመጨረሻ ነፃነቱንም ያጣል።

ይህን ሳነብ መተማ ለማስረዳት የተሠራች መሰለችኝ። በዚያ ወቅት የጭነት መኪኖች ሰሊጥ ጭነው በመስኮታችን ፊት ያልፋሉ። ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ካመጡት ሰብሎች ዋነኛው ነው። ቅባቱን በሆዱ እንደ ያዘ፣ በጆንያ ታስሮ ይሄዳል። እኔ ማታ ሽሮ የምሠራበት ዘይት ግን ባሕር ተሻግሮ በጀሪካን የመጣ የፓልም ዘይት ነበር። ሰሊጥ ከሚታጨድበት ማሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሩቅ አገር ዘይት ወረፋ መያዝ! መምህሩ ጎረቤቴ ጀሪካኑን በጣቱ እያንኳኳ «ነጋድራሱ ቢያይህ ይታዘብህ ነበር» ይለኝ ነበር። እንስቅ ነበር።

ሳቁ እስከ ኅዳር ቆየ።

በኅዳር ሳሉጎች ወደየአገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ሳሉግ የምንላቸው ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከወሎ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። በነጠላ ጫማ፣ አንዳንዱም ያለ አጎበር፣ ወባና ካላዛር ባለበት በረሃ ወራት ከርመው ያገኟትን ይዘው ለመመለስ ወደ ባንክ ይመጣሉ። ብዙዎቹ መፈረም አይችሉም፤ በአውራ ጣታቸው ነው የሚፈርሙት። ከመስኮቴ ሥር አንዲት የቀለም ሣጥን ነበረች። እጃቸውን እየያዝሁ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ። የሰሊጥ ነዶ የላጠው እጅ ነው፤ መስመሮቹ ስለ ጠፉ አሻራው ብዙ ጊዜ አይወጣም፤ ሁለቴ ሦስቴ እንደግማለን።

አንድ ዓርብ ማታ፣ ልንዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን፣ ሃያ ዓመት የሚሆነው ወጣት ከካቦው ጋር መጣ። ካቦው ሠራተኞቹን የሚያስተባብር፣ ማንበብም የሚችል ሰው ነበር፤ ቅጹን ሞልቶ ያመጣውም እርሱ ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈው ገንዘብ 5,400 ብር ነበር። የልጁ ደብተር ላይ ያለው 5,450። ካቦው ልጁን «ለመሳፈሪያህ ያህል አወጣንልህ፣ ሌላው እዚሁ ይቀመጥልህ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ጣቱን ያዝሁና ቀለሙ ላይ አሳረፍሁት።

አንባቢ ሆይ፣ አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ሰምቻለሁ። የሰማሁትና ያነበብሁት እንደማይገጥም ተረድቻለሁ። ከኋላቸው እስከ በሩ የደረሰ ሰልፍ ነበር፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር፤ ቅጹ ተሟልቷል፤ አሻራው ወጥቷል። «ምን አገባኝ፣ ተስማምተው ይሆናል» አልሁ በልቤ። ገንዘቡን ቆጥሬ በመስኮቱ አወጣሁት። ካቦው እጁን ቀደም አድርጎ ተቀበለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ብቻውን መጣ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረቱ ይዞታል። ወደ አገሩ ሊሄድ ነውና የቀረውን ገንዘብ ስጠኝ አለ። ደብተሩን ገልጬ 50 ብር እንዳለው ነገርሁት። የቀለድሁበት መስሎት ፈገግ አለ። ቀጥሎ ደብተሩን ዘቅዝቆ አየው፤ ከዚያ እንደገና አቀናው። መጨረሻ ላይ ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ያን ቀን ወረቀቱን አንብበውት ነበር?»

ቢሳደብ፣ መስታወቱን በቡጢ ቢመታ ይሻለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጋ ወሰድሁት። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አስፈልጎ አየ፤ አሻራው ትክክል ነው፣ ሥርዓቱ ተሟልቷል፣ ባንኩ የሚጠየቅበት ነገር የለም አለ። ከደንቡ አንጻር አልተሳሳተም። ካቦው ስልኩ አይሠራም፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ለልጁ ከኪሴ መሳፈሪያና የስንቅ ያህል ሰጠሁት። አልተግደረደረም፤ ተቀበለኝ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ቆሞ ብሩን አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ያን ቀን እኔንም ጨምሮ ማንንም ማመን እንደሌለበት የተማረ ይመስለኛል።

በዚያ ሌሊት ጥራዙን መልሼ ማንበብ አልቻልሁም። «ተስማምተው ተለዋወጡ» ያልሁላችሁ ነገር ዐይኔ ላይ ቆመ። ስለ አውሮፓና ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ጥሬ ዕቃ የተጻፈ መስሎኝ በደስታ ሳነብበው የከረምሁት ነገር ለካ በእኔ መስኮት የሚሆነውን ነበር። ማንም ማንንም አልመታም። አንዱ ማንበብ ይችላል፣ አንዱ አይችልም፤ መካከል ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ማንበብ የሚችል፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ዝም ያለ። ገብረ ሕይወት በዚያ በር ላይ የተቀመጠው እንዲህ ዓይነት ሦስተኛ ሰው ላለመሆን ነበር። አባቱ ወሰን ሲጠብቅ ወደቀ፤ ልጁ ደግሞ ወሰን በጠመንጃ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ በጉምሩክ መዝገብና በገበያ ሚዛን ላይም አገር እንደምትወሰድ አይቶ ጻፈ። ያየውን ጻፈ እንጂ «ሥርዓቱ ተሟልቷል» ብሎ ማኅተም መትቶ አላለፈም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ አንድ ነገር ጀመርሁ። በጣቱ የሚፈርም ሰው ሲመጣ ቀለሙን ከማቅረቤ በፊት ቅጹን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ስንት እንደሚያወጣ፣ ስንት እንደሚቀረው እነግረዋለሁ፤ እርሱም መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ገንዘቡን ከባለ ደብተሩ እጅ በቀር አልሰጥም። ሰልፉ ረዘመ። ነጋዴዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ «ይሄ ልጅ ቄስ ነው ወይስ ባንክ?» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ፍጥነቴ ሁለት ጊዜ መከረኝ። ከንባቡ በኋላ ግን ጣታቸውን መልሰው «ቆይ፣ እንዲህስ አላልሁም» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ብዙ አይደሉም። በጣት ይቆጠራሉ።

መተማ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። የዝውውር ማመልከቻዬን ራሴ አንሥቼ ነበር፤ ኋላ በተራዬ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ። ያች ትንሽ ድልድይ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይታለች፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ልጆቻቸውን አዝለው የተሻገሩባትን ሰዎች በቴሌቪዥን ሳይ መስኮቴን አስታወስሁ፤ ማን ቅጽ እየሞላላቸው፣ ማን እያነበበላቸው ይሆን ብዬ። ልጁን ዳግመኛ አላየሁትም። ከየት ወረዳ እንደ መጣ እንኳ ቅጹ ላይ ነበረ፤ እኔ ግን ያን ቀን ገንዘቡን እንጂ አገሩን አላነበብሁም።

ይህን ስጽፍ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከሞተበት ዕድሜ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ። እርሱ በዚያ ዕድሜ ሁለት አህጉር አይቶ፣ አንድ መንግሥት ተችቶ፣ ያንኑ መንግሥት አገልግሎ፣ እስከ ዛሬ የሚነበብ መጽሐፍ ትቶ ነበር። ካሰበው ብዙው በዕድሜው አልተፈጸመም። ሹመቱም ከነጋድራስነት አላለፈም፤ ከእርሱ በላይ የተሾሙ ስንቶች ስማቸው ጠፍቶ እርሱ ቀረ። እኔ የተውሁት ነገር ቢኖር በመተማው መስኮት ሥር የቆሙ ጥቂት ሰዎች ቅጻቸው ምን እንደሚል መስማታቸው ነው፤ እርሱም ከአንድ ልጅ ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው፤ ለእርሱ ለራሱ አልደረሰለትም።

የፎቶ ኮፒው ጥራዝ ዛሬም አለኝ፤ መምህሩ ሲሰናበተኝ ተወልኝ። ከሽፋኑ ጀርባ በዚያ ኅዳር የጻፍኋቸው አራት ስንኞች አሉ። ከብዙ ግጥሞቼ መምህሩ ሰምቶ ሌላ መጽሐፍ ያላመጣልኝ ለእነዚህ ብቻ ነው፦

ቀለም የነካው ጣት ውኃ ቢታጠብም፣
የፈረመው ነገር ከወረቀት አይለቅም፤
ጣቱን ያጠቆረው ያላነበበው ነው፣
አንብቦ ዝም ያለን የቱ ውኃ ያንጻው?